የእሜቴ ሕመም

ሰኔ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ከሚሴ

ሐኪም ለበሽተኛው ካርድ ያወጣል። እኔም ለእሜቴ ይህን ደብተር አወጣሁላት። እሜቴ የምላት መካኒክ የሆንኩበትን የመንግሥት ጽሕፈት ቤት አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም። ስትነሣ ትቆጣለች፣ ስትቆም ታጉረመርማለች፣ ዳገት ላይ እንደ አማት ታለቃቅሳለች። ከሾፌሯ ከአብዱልጀሊል በቀር የሚችላት የለም። እሱም ከሚስቱ ስለለመደ ነው እለዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞረው «ጠቅ» ብላ ዝም አለች። ባትሪዋ ሞቷል አሉ። መብራቷን ባበራው እንደ ወትሮው ቦግ አለ። ባትሪ ቢሆን ኖሮ መብራቱም ይፈዝ ነበር። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚወርደውን የማሳ ገመድ ነካሁት፤ ጫፉ ይፋጃል። ዝገት ኤሌክትሪኩን አላሳልፍ ብሎታል ማለት ነው። ፈታሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፣ የባትሪውን ራስ የሸፈነውን ነጭ ዱቄት በፈላ ውሃ አጥቤ መልሼ አጠበቅሁ። አንዴ ዞራ ተነሣች።

«አንተ ዘይኔ፣ እጅህ ላይ ምን አለ?» አለኝ አብዱልጀሊል።

«ሳሙና የለም፤ ሌላው ሁሉ አለ።»

ግቢው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከእህቴ ልጅ ከሙሳ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ፤ ቀልዱ ራሱ ይመጣል፣ ሳቁም ራሱ ይመጣል፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ እሰማለሁ።

ሰኔ 6

ጓድ ዘርጋው አስጠራኝ። ከበልጉ ወዲህ የመጣ ካድሬ ነው፤ ቀጭን፣ ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ቢያገባ ኖሮ ደግ ይሆን ነበር የምለው ዓይነት ሰው።

«መካኒክ፣ ይህች መኪና ቦርከናን ተሻግራ ዳገቱን ትወጣለች?»

«እሷ ትወጣለች ጓድ። ዳገቱ ከፈቀደላት።»

አልሳቀም። «የብሔራዊ ውትድርና ኮታችን አልሞላም። የወንዙ ማዶ ወጣቶች በእግር ስንሄድባቸው ከሩቅ አይተው ይበተናሉ። ንጋት ላይ በመኪና ከተፍ ማለት አለብን። ሌላው መኪና ሁሉ ወደ ሰሜን ሄዷል፤ ያለችን ይህችው ናት። አደራህን።»

አደራህን አለኝ።

ከወንዙ ማዶ የእህቴ የአሲያ ልጅ ሙሚና አለች። ባሏ ሸረፈዲን ዕድሜው ለኮታው ልክ ነው፣ ቁመቱም ልክ ነው፣ ሁሉ ነገሩ ልክ ነው።

አሲያ ሁለት ልጆች ነው ያሏት፤ ሙሚናና ሙሳ። ሙሳን ባለፈው ክረምት የወሰደችው እሜቴ ናት። ያን ዕለት ማለዳ ካርቡራቶሯን ጠርጌላት ስለነበር ድምፅዋ ቅቤ ነበር። አሲያ ይህን ነገር ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ጥሩ አድርገህ ሠርተሃታል» አለችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ከሙሳ እስከ ዛሬ ወሬ የለም።

ሰኔ 8፣ ረቡዕ

ለሙከራ ተብሎ እሜቴን እስከ ሮቢት ገበያ ነዳናት። የጨፋ ሜዳ አረንጓዴ ለብሷል። ራዲያተሯ ፈላ፤ ብናየው የሣር ፍሬና ገለባ ፊቱን ደፍኖት ነው። በሽቦ ጎርጉሬ፣ ከኋላ በውሃ አጥቤ ጨረስኩ።

ገበያው ውስጥ ሙሚናን አገኘኋት። እኔን ስታይ ከሩቅ ነው የምትስቀው።

«ኤሱማ፣ አከም ቡልቴ?» የእናቷ ወንድም ስለሆንኩ በኦሮምኛ ኤሱማ ነው የምትለኝ።

«እኔ ደህና ነኝ። ይህን ሐብሐብ ከማን ማሳ ነው ሰርቀሽ ያመጣሽው?»

«ኧረ ኤሱማ! ሰው ይሰማል!» ሆዷን በሻሽዋ ሸፈነች። የመጀመሪያዋ ነው። ነሐሴ መግቢያ ላይ ትወልዳለች ብለዋታል አዋላጆቹ።

ባሏን ጠየቅኋት። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቀን ያርሳል፤ ማታ ከገደሉ ሥር ዋሻ ውስጥ ያድራል። የመኪና ድምፅ ከሰማ ወደ ላይ ይሮጣል።»

«ደግ ነው። እሜቴ እንደሆነች ሳትጮህ አትመጣም።»

«ግን ኤሱማ፣ ዝናብ ሲዘንብ የመኪና ድምፅ አይሰማም።»

ይህን ብላ ጎመኗን ገዝታ ሄደች። እየተራመደች ወገቧን ትይዛለች።

ሰኔ 10

እሜቴ አልነሣ አለች። ነዳጅ አይደርስም። ቱቦዋ ውስጥ የጨርቅ ቁራጭ ተገኘ። አይጥ ነው አልኳቸው። ንጋት ላይ ወደ ማዶ ሊሄዱ ነበር፤ ቀረ።

ሰኔ 13

ዛሬ ደግሞ ካንዴላዎቿ። አራቱም ረጥበዋል። እያንዳንዳቸውን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ እሳት ላይ አሙቄ መለስኩ። ቀስ ብዬ። ጓድ ዘርጋው ሰዓቱን እያየ በረንዳው ላይ ተመላለሰ፤ ዝናቡ መጣ፤ ነገ ይሁን ብሎ ገባ።

ስትነሣ እጄን ጭስ ማውጫዋ ላይ አስደግፌ ነበር። መቃጠሌን ያወቅሁት ከሽታው ነው። አብዱልጀሊል ጮኸ። እኔ እጄን አነሣሁና አየሁት፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር።

ሰኔ 15

የዛሬውን ልጻፍ፤ ለመጻፍም የሚያስቅ ነው።

ጓድ ዘርጋው ሦስት አብዮት ጠባቂዎች ከነጠመንጃቸው አስጭኖ ተዘጋጀ። ሞተሯን የምታስነሣው ሞተሪኖዋ አልዞር አለች። (የሞተሪኖዋ ገመድ ላልቶ ነበር። መንገዱ ያላላዋል።) «ግፏት!» አለ። አስፋልቱ ላይ ገበያተኛው ሁሉ ተጠራ። በከሚሴ መኪና ግፋ ከተባለ የማይወጣ ሰው የለም፤ ልማዳችን ነው፤ ሙሽራም ቢሆን ጋቢውን ጥሎ ይገፋል።

እንዲህ ያለ መግፋት ግን በዕድሜዬ አላየሁም። «ያ አላህ!» ሲሉ ጨፋ ማዶ ይሰማል፤ የአንገታቸው ሥር ተገትሯል፤ ፊታቸው ቲማቲም ሆኗል፤ እሜቴ ግን ካለችበት ንቅንቅ የለም። ሻይ ሻጩ ጀማለዲን ከኋላ በሁለት እጁ ተደግፎ «ዺባ! ዺባ!» እያለ ይጮኻል፤ ግፉ ማለቱ ነው። እግሩን ባየው ወደ ኋላ እየጎተታት ነው።

አጠገቡ ሄጄ «ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት በጆሮው።

«ጉሮሮዬን ለመንግሥት፣ ጉልበቴን ለራሴ» አለኝ። ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት።

ከዚያማ እኔም ገባሁበት። «በርቱ! ደረሰች!» እያልኩ አዘመርኳቸው። እስከ ቀትር ድረስ ከተማው ጮኸ። በመጨረሻ ጓድ ዘርጋው ራሱ ኮቱን አውልቆ ገፋ፤ እሱ ብቻ ነው የገፋው። እሱ ባይሆን ኖሮ ያችን አንድ ክንድም አትሄድም ነበር።

ማታ ይህን ለአሲያ ነገርኳት። ሳቀች። ከዓመት ወዲህ ገና ዛሬ ስትስቅ ሰማኋት። ወዲያው አፏን ያዘች።

ሰኔ 22

ከስፒንተሮጀኖው ክዳን ሥር አንዲት የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ዕቃ አለች። እየተሽከረከረች ለአራቱ ካንዴላ እሳት በየተራ የምታድለው እሷ ናት። እኔ ጣት እላታለሁ። እሷ ከሌለች ሞተሩ እስከ ቂያማ ቢዞር አይነድም።

ዛሬ ክዳኑን ስከፍት ጣቷ የለችም።

«እንዴት ትጠፋለች?» አለ ጓድ ዘርጋው።

«ትንሽ ዕቃ ናት ጓድ። መንገዱም ኮረኮንች ነው።»

አብዱልጀሊልን ሳል ያዘው። ክዳኑ በሁለት ብረት የተቆለፈ መሆኑን ከእኔ ሌላ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሳሉን ሲጨርስ «አዎ፣ ኮረኮንች ነው» አለ።

ማታ የጃኬቴን ገበር ሰፋሁት። ተተርትሮ ነበር።

ሐምሌ 2

ዝናብ። እሜቴ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆማለች። ዶሮዎች ኮፋኖዋ ላይ ይሰፍራሉ። ቦርከና ቀልቷል።

ሐምሌ 5

ጓድ ዘርጋው ከኮምቦልቻ መካኒክ አስመጣ። ወፍራም፣ ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ሽማግሌ። ስሙንም አልነገረን። ክዳኑን ከፈተ፣ ባዶውን ቦታ አየ። ከዚያ እኔን አየ። ቁልፎቹን ወደ ሳጥኑ መልሶ መደርደር ጀመረ።

«ልጅ አለህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«የእህት ልጅ።»

ሳጥኑን ዘጋና ወደ በረንዳው ተጣራ፦ «ጓድ፣ ይህች ዕቃ ኮምቦልቻም ደሴም የለችም። አዲስ አበባ ይጻፉ። እስከ መስከረም ብትደርስ ነው።»

ምሳ ልጋብዘው ብል እምቢ አለ። ሲሄድ ጨበጠኝ፤ የተቃጠለውን እጄን ነበር የያዘው፤ አላመመኝም።

ሐምሌ 17፣ አረፋ

ሶላት ሰግደን አሲያ ቤት በላሁ። ሥጋው ጥሩ ነው አሉ። ሙሚና አልመጣችም፤ ወንዙ አያሻግርም፤ ቢያሻግርም ባሏን ጥላ አትወርድም። «ወሯ እስኪደርስ እዚህ እኔ ዘንድ ትሁን» ብላ ሰው ልካባት ነበር አሲያ። መልሷ «እሱ ዋሻ እያደረ እኔ ከተማ አልተኛም» ነው።

አሲያ ሳህኑን እያነሣች «መኪናዋ እውነት አትሠራም?» አለችኝ።

«አትሠራም።»

«ምጥ በቤታችን ቀላል አይደለም። ሙሳን ስወልድ ሦስት ቀን ነው የቆየሁት። ምናልባት ደሴ የሚያስኬድ ቢሆን ብዬ ነው።»

«ኢንሻአላህ አያስፈልግም።»

ቆማ አየችኝ። «ቆላ ውስጥ፣ በዚህ ወበቅ፣ ጃኬት ምን ያደርግልሃል?»

«በርዶኝ ነው።»

ስወጣ ጃኬቴን ከትከሻዬ ላይ እንደ ሕፃን ልብስ አስተካከለችልኝ።

ሐምሌ 24

ወታደር የጫነ ኮንቮይ ወደ ሰሜን ማለፍ ጀመረ። መጨረሻው አይታይም። ከመንግሥት መኪና በቀር መንገዱ ለማንም ተዘግቷል። የጭነት መኪኖች ከከተማው በታች ተደርድረው ቆመዋል፤ ረዳቶቻቸው ኮታውን ፈርተው ጠፍተዋል።

የመንግሥት መኪና ብቻ። ይህን ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ሐምሌ 28

እሜቴ ከቆመች ሰንብታለች። የባትሪዋ ውሃ ጎድሏል፤ መብራቷ እንደ ሻማ ሆኗል። ሞልቼ ላስቀምጣት ይገባኝ ነበር። የማትሄድ መኪና ባትሪ የሚሞላ መካኒክ ግን ምን ይባላል? ነገ ሰበብ እፈልጋለሁ።

ሐምሌ 30

ነገ።

ነሐሴ 3፣ ደሴ

ሙሚና። ሆስፒታል ነን። ኋላ እጽፋለሁ።

ነሐሴ 5

አብዱልጀሊል መኪናዋ ውስጥ ተኝቷል። እኔ የሆስፒታሉ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ፀሐይ ወጥቷል።

ትናንት ወዲያ ከምሳ በፊት በቃሬዛ አመጧት። ምጡ ከያዛት አንድ ሌሊትና አንድ ቀን አልፎ ሌላ ሌሊት ጨምሮባት ነበር። ቦርከናን ያሻገሯት ስምንት ሰዎች እስከ ብብታቸው ጭቃ ናቸው። የቃሬዛውን የፊት እግር የያዘው ሸረፈዲን ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ጋቢውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ የጽሕፈት ቤቱን በር አልፎ ጤና ጣቢያው ድረስ ገባ። እኔ ከእነሱ የደበቅሁት ሰው በራሱ እግር መጣላቸው።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሙሚናን አይቶ ወጣና «ልጁ ተጣሟል። ደሴ ካልደረሰች ሁለቱም አይተርፉም። አሁን» አለ።

እኔና አሲያ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጥን። ጓድ ዘርጋው በረንዳው ላይ ነበር። አሲያ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዛት።

«እናቴ፣ ብችል በሰጠሁሽ። መኪናዋ ብልሽት ላይ ናት። እሱን ጠይቂው፤» ወደ እኔ አመለከተ፤ «መካኒኩን።»

አሲያ ዞራ አየችኝ። አብዱልጀሊልም አየኝ። ዘበኞቹም። የጃኬቴን ገበር በጥርሴ ተረተርኩት። ክሩ ጠንካራ ነበር፤ በደንብ ነው የሰፋሁት። ጣቷን አወጣኋት።

ጓድ ዘርጋው መዳፌን አየ።

«ከየት መጣች?»

«ከኪሴ።»

የምጨምርበት ቀልድ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ኮፋኖውን ከፈትኩ፣ ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ ጣቷን ቦታዋ መለስኩ፣ ክዳኑን ቆለፍኩ። አብዱልጀሊል ቁልፉን አዞረ። ምንም። «ጠቅ» እንኳ የለም። ባትሪው አልቋል። ነገ እያልኩ የተውኩት ባትሪ።

«ግፏት!» ብዬ ጮኽኩ። ከግቢው እስከ አስፋልቱ እኛው አወጣናት። አስፋልቱ ላይ ገበያተኛው መጣ፤ እንደ ልማዱ ሁሉም መጣ። እሜቴን አዩ፣ ከኋላዋ የቆመውን ጓድ ዘርጋውን አዩ፣ ጠመንጃዎቹን አዩ። «ያ አላህ!» አሉ። አንገታቸው ተገተረ፤ ፊታቸው ቀላ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ግፉ! በእውነት ግፉ!» አልኩ። ጀማለዲን ጠቀሰኝ፤ «በርታ ዘይኔ፣ ደረሰች!» አለኝ ያስተማርኩትን ቃል መልሶ፣ እግሩን ወደ ኋላ ተክሎ። ስቀው ገፉ። ያን ሁሉ ጩኸት ያዘመርኩት እኔ ነበርኩ።

አሲያ ናት ያዳነችን። ከመኪናዋ ፊት ወጥታ ቆመች፤ ሻሽዋን ከራሷ አውልቃ ይዛዋለች። «ልጄ ናት! ሙሚና ናት፣ ምጥ ላይ ናት! ለሷ ነው!» አለች፤ ቀጥላም በኦሮምኛ ደገመችው።

ጀማለዲን እጁን ከእሜቴ ላይ አንሥቶ መዳፉን አየ። ከዚያ እግሩን ወደ ፊት አዞረ። «ዺባ» አለ፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው። አንድም ሰው አልጮኸም። ቲማቲም የምትሸጠው ዘይቱና እንኳ መጥታ በትከሻዋ ገባች። እሜቴ እንደ ባዶ ጋሪ በረረች፤ መስጊዱ ጋ ሳትደርስ ተነሣች።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ሙሚናን ከኋላ ስናስተኛት ጓድ ዘርጋው ደረሰ። በሩን ያዘ።

«ባሏ የትኛው ነው?»

ከእኔ አፍ ውሸት ሊወጣ ሲል ሸረፈዲን ቀደመኝ። «እኔ ነኝ።»

«አንተ ትቆያለህ።»

«እቆያለሁ። እሷን ውሰዷት።» ጋቢውን ከወገቡ ፈትቶ እግሯ ላይ ጣለላት። የጋቢው ጫፍ ረጥቦ ነበር፤ ጨመቀው።

ጓድ ዘርጋው በሩን ራሱ ዘጋልን። «በአራት ቀን ውስጥ መኪናዋ እዚህ ትሁን» አለኝ በመስኮት። ከዚያ፣ ዝቅ ብሎ፣ «ፍጠኑ።»

ሐርቡ ሳንደርስ አንድ ጎርፍ አስፋልቱን ቆርጦታል። መሐሉ ላይ ጠፋች። ውሃ ስፒንተሮጀኖው ውስጥ ገብቷል። ዘልዬ ወረድኩ፤ ውሃው እስከ ጉልበቴ ነው። ክዳኑን ከፈትኩ፣ የአሲያን ሻሽ ተቀብዬ ጣቷንም ክዳኑንም አንድ በአንድ አደረቅሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ በላስቲክ ሸፈንኩት። በማኖቬላ፣ በእጅ ማዞሪያዋ ብረት፣ ባዞራት አልነሣ አለች። ሙሚና ከኋላ «ኤሱማ» ትላለች። ሌላ ምንም አትልም።

ኮንቮዩ ከኋላችን ቆመ። ወታደሮች ዘለው ወረዱ። እኛን ሊያባርሩን ነው ስል፣ ያዩትን አይተው መሣሪያቸውን ጀርባቸው ላይ አዘዋውረው ገፉ። ጺም ያላበቀሉ ልጆች ናቸው። እነሱ እውነተኛውን መግፋት ነው የገፉት። አሲያ ከኋላ መስኮት የእያንዳንዱን ፊት አየች። አንዱንም አልዘለለችም። እሜቴ ስትነሣና ስንሄድ «ከእነሱ ውስጥ የለም» አለች።

ደሴ ስንደርስ ወዲያው አስገቧት። እስኪመሽ ጠበቅን። ነርሷ ወጥታ «እናትየዋ ትተርፋለች። ሕፃኗም» አለች።

«ሕፃኗ?» አለች አሲያ።

«ሴት ናት።»

አሲያ ግንቡን ተደግፋ ተቀመጠች። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሌላ ጥግ ላይ ምጥ የሚጠብቁ አሮጊቶች ነበሩ፤ የማያውቋት ሰዎች፤ እነሱም አንድ ላይ «እሰይ፣ ሴት! እሰይ!» አሉ። ወንድ ልጅ ተወለደ ሲባል እንዲህ ያለ እሰይ ሰምቼ አላውቅም።

እኔም እሰይ አልኩ። ድምፄን ሰማሁት።

ነሐሴ 7

ከሚሴ ተመለስን። ጓድ ዘርጋው አላሰረኝም። «ሁሉንም ነገሯን ሥራው» አለኝ። «የምታውቀውን ሁሉ። ሁለተኛ ብትቆም ሽበትህን አላይም።» ባትሪውን ሞላሁ። የማሳውን ገመድ ቀየርኩ። የላሉትን ሁሉ አጠበቅሁ፤ የት የት እንደላሉ መፈለግ አላስፈለገኝም።

ማታ ማታ ኮፋኖውን ከፍቶ ጣቷን ራሱ ያወጣታል። እንዴት እንደምትወጣ አስተምሬዋለሁ። ደረት ኪሱ ውስጥ፣ ከእስክሪብቶው ጎን አድርጎ ይተኛል ይላል አብዱልጀሊል።

ሸረፈዲን ከሌሎቹ ጋር መጋዘኑ ውስጥ ነው። የማዶውን ወጣቶች በእግር ሄደው ሰብስበዋል፤ ሁሉም ሰው ቃሬዛውን ሊያጅብ ከየዋሻው እስከ ወንዙ ወርዶ ስለነበር አልተበተኑም።

ነሐሴ 10

ሙሚናን በእሜቴ ዛሬ አመጣናት። አሲያ ቤት የሕፃኗን ስም አወጣን፤ ፍየል ታረደ። ሶፍያ። ወደ መጋዘኑ ሥጋ ላክን፤ ተቀበሉን።

ሙሚና ሕፃኗን አስታቀፈችኝ። የተቃጠለው እጄ ላይ ነበር የተኛችው። ቆዳው እየተላጠ ነው፤ ከሥሩ የወጣው አዲሱ ሲነካ ይሰማል። ለረጅም ጊዜ አቅፌያት ቆየሁ።

«ኤሱማ፣ ምን አደረግህባት? ዝም አለች እኮ» አለችኝ ሙሚና።

«እኔ አይደለሁም። አማቷን ያየች መስሏት ነው።»

ሙሚና ሳቀች፤ ሳቁ ስፌቷን አሳመማት። ስለ ባሏ አልጠየቀችኝም። ስለ እኔም አልጠየቀችም። የጃኬቴን የተተረተረ ገበር ጥግ ይዛ መርፌ አመጣችና ሰፋችልኝ።

ነሐሴ 14

ጠዋት መጋዘኑን ከፈቱ። ልጆቹ በሁለት ተራ ወጡ። አብዛኛውን እስከ ኮምቦልቻ የሚወስድ የጭነት መኪና ተገኝቷል፤ ያልበቃቸው በእሜቴ ይሄዳሉ። ሸረፈዲን እሜቴ ላይ ከኋላ ተጭኗል።

ጓድ ዘርጋው ጣቷን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋልኝ።

«ግጠማት።»

ገጠምኳት። ክዳኑን ቆለፍኩ። ካንዴላዎቹን በእጄ አንድ በአንድ ጫንኳቸው። አስፋልቱ ዳር ሕዝቡ ቆሟል፤ ግፉ ያለው ግን የለም። ጀማለዲን ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ ነው። አሲያ አልመጣችም።

ሸረፈዲን ከኋላ ዝቅ ብሎ «ጋሽ ዘይኔ፣ ስሟን ማን አላችኋት?» አለኝ።

«ሶፍያ። መልኳ እንደ እናቷ ነው፤ ጆሮዋ ግን ያንተ ነው። አላህ ይርዳት፣ እስክታድግ ጆሮዋን በሻሽ ሸፍኚላት ብያታለሁ እናቷን።»

ሳቀ። ሌሎቹም ልጆች ሳቁ። የእሜቴን ጎን መታ መታ አደረግሁና ራቅ አልኩ።

አብዱልጀሊል አዞራት። በመጀመሪያው ተነሣች። ጭስ የለም፣ መንተክተክ የለም። ድምፅዋን እስከ ድልድዩ ቆሜ ሰማሁት፤ ከዚያም በኋላ ትንሽ ሰማሁት።

እሜቴ ዛሬ፦ ሕመም የላትም።